ካት 6 ኬብል፦ የሮህስ ወረቀት፣ የኤልኤስዜድኤች ማስረጃ፣ ፌል የሚያደርጉ መስመሮችና የአሮጌ ኬብል አወጋገድ

42ዩ

ሰላም ባለሙያዎች። አዲስ አበባ ባለ 6 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ፣ 432 የዳታ ነጥብ። ኬብሉ ካት 6 ዩ/ዩቲፒ (የብረት መከላከያ የሌለው የኔትወርክ ኬብል)፣ 23 ጌጅ (የሽቦ ውፍረት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ሽቦው ይቀጥናል)፣ ሽፋኑ ኤልኤስዜድኤች (ጭሱ ትንሽ፣ ሃሎጅን የሌለው)፣ 64 ካርቶን ገብቷል። አክሰስ ፖይንትና ካሜራ ስለሚሰቀል ብዙው ነጥብ ፒኦኢ (በዳታ ኬብሉ የሚላክ የኤሌክትሪክ ኃይል) ይጭናል። አራት ጉዳይ አንድ ላይ ተደራርቧል።

አንደኛ፣ አማካሪው ሰብሚታሉን (ለማጽደቅ ያቀረብነውን የዕቃ ሰነድ) መልሶታል። አቅራቢው «የሮህስ ሰርተፍኬት» (ሮህስ አደገኛ ንጥረ ነገሮችን የሚገድብ የአውሮፓ መመሪያ ነው) ብሎ የሰጠው እ.ኤ.አ. የ2017 የላቦራቶሪ ሪፖርት ነው፤ 6 ንጥረ ነገር ተዘርዝሮ ሁሉም «አልተገኘም» ይላል። አማካሪው «ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ሪችም አምጡ» ብሏል (ሪች የአውሮፓ የኬሚካል ደንብ ነው)።

ሁለተኛ፣ ስፔኩ «ኤልኤስዜድኤች፣ የእሳት ደረጃ ዲሲኤ» ይላል። ይህ የአውሮፓ ደንብ እኛ አገር ያስገድዳል? ማስረጃውስ ምንድን ነው?

ሦስተኛ፣ ተጎትተው ከተቋጩት መስመሮች የተወሰኑት በፍሉክ (የኬብል መመርመሪያ) ሲለኩ በሪተርን ሎስ (ተንጸባርቆ የሚመለስ ሲግናል) እና በሬዚስታንስ አንባላንስ (በሽቦዎች መካከል ያለ የሬዚስታንስ ልዩነት) ፌል ያደርጋሉ፤ የቀሩት ንጹሕ ፓስ ናቸው። ኬብሉ ሙሉ መዳብ መሆኑን ተጠራጥረናል። አቅራቢው «ካርቶኑ አንድ ዓይነት፣ ጽሑፉ አንድ ዓይነት፤ የአቋጫጨት ችግር ነው» ይላል። ካርቶን በካርቶን እንዴት ይለያል?

አራተኛ፣ ከኮርኒስ በላይ ያለው አሮጌ ካት 5ኢ መነሳት አለበት። ውሉ «አካባቢን በማይበክል መንገድ ይወገድ» ከማለት በቀር ዝርዝር የለውም።

---

ጠማማ ጥንድ

ሰላም ወንድሜ። ከሦስተኛው እንጀምር፤ ኬብሉ ራሱ ካልሆነ የወረቀቱ ክርክር ትርጉም የለውም።

የጠረጠርከው ሲሲኤ የሚባለውን ነው፤ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ በስሱ መዳብ የተለበጠበት። ቲአይኤ 568 (የአሜሪካ የኬብል ስታንዳርድ) አይቀበለውም። አቅራቢው «ፓስ እያደረገ እንዴት» የሚልህ ምክንያቱ ይህ ነው፦ በ23 ጌጅ ሽቦ ላይ የመዳቡ ልባስ ከ15 እስከ 20 ማይክሮን ገደማ ነው። በ100 ሜጋኸርዝ ደግሞ ሞገዱ የሚሄደው በሽቦው ውጨኛ 7 ማይክሮን አካባቢ ውስጥ ነው። ስለዚህ በከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ ከሙሉ መዳብ ጋር አንድ ይመስላል፤ ኔክስት (ከጥንድ ወደ ጥንድ የሚሻገር ሲግናል) ጥሩ ይወጣል። የሚጋለጠው በዝቅተኛው ፍሪኩዌንሲና በዲሲ ነው። ሪተርን ሎስ ፌል ያደረገበትን ግራፍ ክፈት፤ ጥሰቱ ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ከሆነ ኬብሉን ጠርጥር፤ ከ100 በላይ ከሆነ የጃክ አቋጫጨትን ጠርጥር። ጥንዱ ከ13 ሚሊሜትር በላይ ተፈትቶ ይሆናል፣ ወይም ኬብሉ መታጠፊያ ላይ ከዲያሜትሩ 4 እጥፍ ባነሰ ራዲየስ ተጨምቆ ይሆናል።

ካርቶን ለመለየት ፍሉክ አያስፈልግም፤ ደህና መልቲሜትር ይበቃል።

ከካርቶኑ ቱቦ የሚወጣው አንዱ ጫፍ ብቻ ነው። ክዳኑን ከፍተህ ሌላውን ጫፍ ከጥቅሉ ውጨኛ ገጽ ላይ ፈልግ። በአንዱ ጫፍ የሰማያዊውን ጥንድ ሁለት ሽቦ 2 ሴንቲሜትር ልጠህ አጥብቀህ አጠማዝዛቸው። በሌላው ጫፍ በሁለቱ ሽቦዎች መሃል ኦም ለካ። የሜትሩን ሁለት መለኪያ ጫፎች አገናኝተህ የሚወጣውን ቁጥር (ከ0.2 እስከ 0.5 ኦም) ቀንስ። በሁሉም ካርቶን ላይ ያንኑ ጥንድ ለካ፤ የጥንዶቹ ጥምዘት ስለሚለያይ ርዝመታቸውም ትንሽ ይለያያል።

ለ305 ሜትር የምትጠብቀው፦

ሙሉ መዳብ 23 ጌጅ፦ ከ41 እስከ 42 ኦም
ሙሉ መዳብ 24 ጌጅ፦ ከ51 እስከ 53 ኦም
የስታንዳርዱ ጣሪያ፣ በ100 ሜትር 9.38 ኦም በሽቦ፦ 57.2 ኦም
ሲሲኤ 23 ጌጅ፦ 61 እና ከዚያ በላይ
ሲሲኤ 24 ጌጅ፦ 76 እና ከዚያ በላይ

51 ካገኘህ ስታንዳርዱን ያሟላል፤ ግን 23 ጌጅ አይደለም፣ ስፔክህን አያሟላም። ያም የመመለሻ ምክንያት ነው።

ሁለት ጥንቃቄ። ርዝመቱን ከሽፋኑ ላይ ካለው የሜትር ቁጥር አረጋግጥ፤ የመጨረሻው ሲቀነስ የመጀመሪያው 305 መምጣት አለበት። አጭር ካርቶን መጥፎ ሽቦን ይደብቃል። ሌላው ሙቀት ነው፤ የመዳብ ሬዚስታንስ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ እርማቱ ከቁም ነገር አይገባም፤ ድሬዳዋ ላይ በ35 ዲግሪ ብትለካ ግን ካገኘኸው ላይ 6 በመቶ ያህል ቀንሰህ አወዳድር።

ክብደትም ይናገራል። በ305 ሜትር ካት 6 23 ጌጅ ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን ወደ 5.7 ኪሎ ነው፤ በሲሲኤ የሽቦው ክብደት ከ2.5 ኪሎ በታች ይወርዳል። ሁለት ካርቶን በየእጅህ ብታነሳ ይታወቅሃል።

---

ሽቦ በጥሼ

በምላጭ ፋቅ አድርገው፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው። ሽፋኑን ደግሞ በላይተር አቃጥለው፣ ጥቁር ጭስ ካወጣ ፒቪሲ፣ ነጭ ከሆነ ኤልኤስዜድኤች። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

---

ጠማማ ጥንድ

የምላጩ ጥሩ ነው፤ በደንብ ፋቅ እንጂ ላዩን ብቻ አትንካው፣ ቆርቆሮ የተለበጠ መዳብም ላዩ ነጭ ነው። ማግኔት ከሳበው ደግሞ ውስጡ ብረት ነው፤ እሱም አለ።

የላይተሩን ግን ለአማካሪ አታቅርበው። የጭስ ቀለም በሙቀቱ፣ በአየሩና በሽፋኑ ማቅለሚያ ይለዋወጣል። ኤልኤስዜድኤችነት የሚለካው በሦስት የላቦራቶሪ ፈተና ነው፦ አይኢሲ 60754-1 የሃሎጅን አሲድ ጋዝ መጠን፣ 60754-2 የጋዙ አሲድነት (ፒኤች ከ4.3 ያላነሰ፣ ኮንዳክቲቪቲ በሚሊሜትር ከ10 ማይክሮሲመንስ ያልበለጠ)፣ 61034-2 የጭስ ድፍነት (የብርሃን ማለፍ ከ60 በመቶ ያላነሰ)። አይኢሲ 60332-1-2 የነበልባል መስፋፋት ፈተና ነው፤ ፒቪሲም ያልፈዋል። አቅራቢዎች ያንን ብቻ ይዘው «ኤልኤስዜድኤች ሪፖርት» ይላሉ፤ አይደለም።

---

ደረቅ ማህተም

የወረቀቱን እኔ ልያዝ።

ሮህስ የኢትዮጵያ ሕግ አይደለም፤ የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ 2011/65 ነው። እናንተን የሚያስገድደው ስፔኩ ውስጥ ስለገባና ውል ስለሆነ ነው። ስለዚህ አቅራቢው «እዚህ አገር አይጠየቅም» ቢል መልሱ «የፈረምከው ውል ይጠይቃል» ነው።

አማካሪው ልክ ነው። በመመሪያ 2015/863 አራት ፋታሌቶች ተጨምረው ከጁላይ 22 ቀን 2019 ጀምሮ ዝርዝሩ 10 ሆኗል። ለኬብል ደግሞ ዋናው ነገር እነዚህ አራቱ ናቸው፤ ፋታሌት ፒቪሲን ለማለስለስ የሚገባ ዘይት ነውና። ገደቡ ለእያንዳንዳቸው 0.1 በመቶ ነው፣ ለእርሳስም እንዲሁ፤ ካድሚየም ብቻ 0.01 በመቶ። ይህ የሚሰላው በአንድ ወጥ ቁስ ክብደት ነው፦ ሽፋኑ ለብቻ፣ የሽቦው መከለያ ለብቻ፣ መዳቡ ለብቻ። ኬብሉን በሙሉ ፈጭቶ አማካይ የወሰደ ሪፖርት ዋጋ የለውም።

ሌላው የሚዘነጋ ነገር፦ ብዙ ርካሽ ሪፖርት የሚሠራው በኤክስአርኤፍ (በኤክስሬይ ንጥረ ነገር በሚለይ) መሣሪያ ነው። እሱ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ሜርኩሪ፣ ጠቅላላ ክሮሚየምና ጠቅላላ ብሮሚን ያያል። ፋታሌትን ጨርሶ አያይም። ፋታሌት በአይኢሲ 62321-8 ነው የሚፈተነው። የሙከራ ዘዴው ዓምድ ላይ 62321-3-1 ብቻ ካየህ የአራቱ መልስ የለም ማለት ነው።

አቅራቢውን የምትጠይቀው ግን «ሰርተፍኬት» አይደለም። ሮህስን የሚያጸድቅ መሥሪያ ቤት የለም፤ ያለው የአምራቹ የተስማሚነት መግለጫ ነው። ሲመጣ እነዚህን አይ፦ የአምራቹ (የነጋዴው ሳይሆን) ስምና አድራሻ፤ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር በፊደልና በቁጥር የሚገጥም የምርት ቁጥር፤ 2011/65 ከነማሻሻያው 2015/863፤ ኢኤን አይኢሲ 63000 የተባለው ስታንዳርድ፤ ቀን፣ ስምና ፊርማ። በመግለጫው ላይ ኢኤን 50581 ከተጻፈ በአሮጌው ስታንዳርድ የተዘጋጀ ነውና አዲሱን ጠይቅ።

የምርት ቁጥሩ ላይ ጊዜ ውሰድ። ያው ኬብል በፒቪሲና በኤልኤስዜድኤች ሲሠራ የምርት ቁጥሩ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው አንድ ፊደል ብቻ ይለያያል። የፒቪሲው መግለጫ ለኤልኤስዜድኤቹ ተያይዞ ይመጣል፣ ማንም አያየውም። የኬብሉ መግለጫ ደግሞ ጃክን፣ ፓች ፓነልንና ፓች ኮርድን አይሸፍንም። ፓች ኮርዱን በተለይ አትዝለል፤ ኬብሉ ኤልኤስዜድኤች ሆኖ ኮርዱ ተራ ፒቪሲ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሪች ሌላ ነገር ነው። ሮህስ «ከዚህ በላይ አይኑር» ይላል፤ ሪች በአንቀጽ 33 «ከተዘረዘሩት አሳሳቢ ንጥረ ነገሮች አንዱ በዕቃው ውስጥ ከ0.1 በመቶ በላይ ካለ ንገር» ይላል። ዝርዝሩ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ይታደሳል፤ መግለጫው የየትኛው ቀን ዝርዝር እንደሆነ ካልጻፈ መልሰው። እዚህ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፦ የአንድ ኮኔክተር መግለጫ «ሮህስን ያሟላል» ብሎ የሪቹ ደግሞ «እርሳስ አለበት» ሊል ይችላል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሮህስ በመዳብ ቅይጥ ውስጥ እስከ 4 በመቶ እርሳስን በ6(ሐ) ነፃ መብት ይፈቅዳል፤ በሪች ደግሞ እርሳስ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ዝርዝሩ ውስጥ ስላለ መነገር አለበት። ከናስ የተቀረጸ ክፍል ያለው ዕቃ ላይ ይህን ብታይ አትደንግጥ፤ ነፃ መብቱ ቁጥሩ ተጠቅሶ መጻፉንና የማብቂያ ቀኑ አለማለፉን ብቻ አረጋግጥ። «ምንም የለም፣ ሁሉም ንጹሕ» የሚል ወረቀት ነው ይበልጥ የሚያጠራጥረኝ።

ወደ ዲሲኤ። ደረጃው የመጣው ከአውሮፓ የግንባታ ምርቶች ደንብ 305/2011 ነው፤ ለኬብል በኢኤን 50575 አማካይነት ከጁላይ 1 ቀን 2017 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፣ እዚያ አገር። እዚህ እንደ ሮህሱ በውል ብቻ ነው የሚያስገድደው። ማስረጃው «የአፈጻጸም መግለጫ» የሚባል፣ ቁጥር ያለው ሰነድ ነው። «ዲሲኤ» ብቻውን ግን ኤልኤስዜድኤች ማለት አይደለም። ከኋላው ያሉት ተጨማሪ ምልክቶች ናቸው የሚናገሩት፦ ኤስ ለጭስ፣ ዲ ለሚንጠባጠብ ነበልባል፣ ኤ ለአሲድነት። «ኤ1» ካለ አሲድነቱ ከሁሉ ዝቅተኛው ነው። ስፔኩ ምልክቶቹን ስላልጻፈ አማካሪውን በጽሑፍ ጠይቅ፤ አለበለዚያ ኋላ እሱ እንደፈለገ ይተረጉመዋል። ኢሲኤ ደረጃ ያለው ኬብል ከመጣልህ ደግሞ ለእሱ ተጨማሪ ምልክት የለውም፤ ኤልኤስዜድኤችነቱን ጠማማ ጥንድ በጠቀሳቸው 60754 እና 61034 ነው የምታሳየው።

አንድ ነገር እንዳታሳስትህ፦ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ሲ ጀምሮ በትንንሽ ሲና ኤ የሚጻፈው ከዲሲኤ የሚሻል የእሳት ደረጃ ነው እንጂ አሉሚኒየም ማለት አይደለም። ሦስቱም ፊደል ትልልቅ ከሆነ ግን አሉሚኒየሙ ነው።

በአሜሪካ የእሳት ደረጃ ስያሜ ሲኤምአር ወይም ሲኤምፒ የተጻፈበት ኬብልም የዚህ ምትክ አይሆንም። ሲኤምፒ ብዙ ጊዜ ኤፍኢፒ ከተባለ ፍሎሪን ካለበት ፕላስቲክ ይሠራል፤ እሳትን ይቋቋማል፣ ግን ከሃሎጅን ነፃ አይደለም።

---

42ዩ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያልተጀመሩትን ካርቶኖች ለካን። አብዛኛው 41 ከምናምን ነው፤ 11 ካርቶን ግን ከ62 እስከ 64 ኦም ወጣ። ሲፋቅ ነጭ ነው። የሽፋኑ ጽሑፍ ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው፤ የባች ቁጥሩ ብቻ ይለያል። አሁን ጥያቄው፦ ከእነዚህ ዓይነት ካርቶኖች ቀድሞ ተጎትቶ ግድግዳ ውስጥ የገባውን በምን እንለየው? ፓስ ያደረገውስ ይቅር?

---

ጠማማ ጥንድ

አይቅር። ፓስ ማድረጉ የርዝመት ጉዳይ ነው። የቋሚ መስመር (ከጃክ እስከ ጃክ) የሉፕ ሬዚስታንስ (የጥንዱ ሁለት ሽቦ ድምር) ጣሪያ 21 ኦም ነው። 23 ጌጅ ሲሲኤ በሜትር ከ0.20 እስከ 0.21 ኦም ሉፕ ስላለው 90 ሜትር ላይ እንኳ 19 ኦም አካባቢ ሆኖ ያልፋል፤ 40 ሜትር ላይ 8 ኦም ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም። ስለዚህ ፓስ እና ፌልን ትተህ ሬሾውን ተመልከት።

ሊንክዌር (የፍሉክ ውጤት ማንበቢያ ሶፍትዌር) ላይ ውጤቱን ክፈት፣ የእያንዳንዱን ጥንድ ሬዚስታንስ ለርዝመቱ አካፍል። መዳብ 23 ጌጅ በሜትር 0.135 ኦም አካባቢ ይሰጣል። 0.19 እና ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ ከነዚያ ካርቶኖች የተጎተተ ነው። በጣም አጭር መስመር ላይ የጃኮቹ ሬዚስታንስ ሬሾውን ትንሽ ከፍ ስለሚያደርገው ከ15 ሜትር በታች ያሉትን ጃክ ከፍተህ በምላጭ አረጋግጥ። ስሌቱ የሚሠራው ግን ኤንቪፒው (ሲግናሉ በኬብሉ ውስጥ የሚሄድበት ፍጥነት) ትክክል ከሆነ ነው፤ በዳታሺቱ ላይ ያለውን አስገብተህ፣ ርዝመቱን በሽፋኑ የሜትር ቁጥር አመሳክር። ኤንቪፒው ከተሳሳተ ርዝመቱ ይሳሳታል፣ ሬሾውም አብሮ።

መሣሪያው ላይ ደግሞ «+ፒኦኢ» የሚለውን የቴስት ሊሚት ምረጥ፤ ያለዚያ በጥንድና በጥንድ መካከል ያለውን አንባላንስ በውጤቱ ላይ አይፈርድበትም። በጥንዱ ውስጥ ባሉት ሁለት ሽቦዎች መካከል የሚፈቀደው ልዩነት 3 በመቶ ወይም በስታንዳርዱ የተቀመጠው የኦም ገደብ ነው፣ የሚበልጠው ይወሰዳል።

ለምን ይነቀል ብሎ ለሚከራከርህ ባለቤት፦ በ802.3ቢቲ (የፒኦኢ ስታንዳርድ) ዓይነት 4 ከስዊቹ እስከ 90 ዋት ይወጣል፣ በእያንዳንዱ ጥንድ ወደ 1 አምፔር ይጠጋል። ሬዚስታንሱ በግማሽ ሲጨምር በኬብሉ ውስጥ የሚቀረው ሙቀትም በግማሽ ይጨምራል፤ ጥቅሉ መሃል ያለው ኬብል ደግሞ ሙቀቱን የሚያወጣበት የለውም። ሲሲኤ ባይሆንም ፒኦኢ የሚጭኑትን ከ24 በላይ በአንድ ላይ አትሰር። አሉሚኒየም በተጨማሪ በጃኩ ቢላ ሥር ቀስ እያለ ይሸሻል፣ የተጋለጠውም ይዝጋል፤ ዛሬ ያለፈው አንባላንስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ላያልፍ ይችላል። ያኔ ካሜራው ያለ ምክንያት ሪስታርት ያደርጋል፣ ችግሩ ስዊች ላይ ይፈለጋል።

አዲሱን ስትጎትት፦ ጉልበቱ ከ110 ኒውተን አይለፍ፣ ወደ 11 ኪሎ ማለት ነው። ኤልኤስዜድኤች ሽፋን ከፒቪሲ ይልቅ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ኮንዲዩት ውስጥ ማለስለሻ ከተጠቀምክ ለኤልኤስዜድኤች የተፈቀደውን ብቻ። ያገኘኸውን ሳሙና መቀባት ሽፋኑን ሊሰነጥቀው ይችላል።

---

ደረቅ ማህተም

የ11ዱን ካርቶን ጉዳይ በወረቀት ያዘው። የእያንዳንዱን ካርቶን ስያሜ፣ የባች ቁጥር፣ የሽፋኑን ጽሑፍና የመልቲሜትሩን ንባብ በአንድ ፎቶ ውስጥ እንዲታይ አንሳ። ከእያንዳንዱ 1 ሜትር ቆርጠህ፣ ጽሑፉ የሚታይበትን ክፍል መርጠህ፣ በካርቶኑ ቁጥር ምልክት አድርገህ አስቀምጥ፤ አንዱን ለአማካሪው። ካርቶኖቹን ከጥሩዎቹ አርቀህ «አይነካም» ብለህ ለጥፍባቸው፤ ዕቃ ቤት ሌሊት ሲከፈት ማንም ያገኘውን ነው የሚያወጣው። ለአምራቹም በቀጥታ የባች ቁጥሩን ላክ። አምራቹ «የእኔ አይደለም» ካለ ያንን ዕቃ የሚጠቅሱት የሮህስና የሪች መግለጫዎችም አብረው ይወድቃሉ፤ የተፈረሙት ለሌላ ዕቃ ነው።

አማካሪው የቴስት ውጤት ሲጠይቅ ፒዲኤፍ ብቻ አትስጥ፣ የሊንክዌሩን ኦሪጅናል ፋይል ጨምር። የፍሉኩ ካሊብሬሽን ከ12 ወር ያላለፈ ይሁን፤ ቀኑ ሪፖርቱ ላይ ይወጣል።

---

አሮጌ ጣሪያ

አራተኛውን ማንም አልነካውም። አሮጌውን ካት 5ኢ ለቁራሌ መስጠት ይቀናል፤ ችግሩ ቀጥሎ የሚሆነው ነው። ወፍራም የመብራት ሽቦ በቢላ ይላጣል። የዳታ ኬብል ግን ስምንት ቀጭን ሽቦ ነው፤ በእጅ መላጥ ከድካሙ አያወጣም፣ ስለዚህ ይቃጠላል። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድና ዳዮክሲን ይወጣል፤ የድሮው ፒቪሲ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእርሳስ የተረጋጋ ነው፣ አመዱ ውስጥ ይቀራል። ይህን ኬብል ያለ እሳት የሚለየው ፈጭቶ መዳቡን ከፕላስቲኩ የሚያበጥር ማሽን ነው።

የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ይገዛል። ተረካቢህ ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቅ፣ የፈቃዱን ቅጂ ያዝ።

ሥራው ላይ፦ መጀመሪያ የትኛው ኬብል አሁንም እየሠራ እንደሆነ በቶነር (ድምፅ ልኮ ኬብል የሚያፈላልግ መሣሪያ) ለይ፤ የሰው ስልክ መስመር የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ኮኔክተሮቹን ቆርጠህ ለብቻ፣ ኬብሉን በ2 ሜትር እየቆረጥህ በጥቅል። ፒቪሲውን ከአዲሱ የኤልኤስዜድኤች ቁርጥራጭ ጋር አትቀላቅል። መዝን። ከካት 5ኢ ክብደት ወደ ግማሽ የሚጠጋው መዳብ ነው፤ አንድ የ305 ሜትር ካርቶን የሚያህል ኬብል 4.5 ኪሎ ገደማ መዳብ አለው፣ በዚያ ሒሳብ ዋጋህን ተደራደር። የርክክብ ወረቀቱ ላይ ቀን፣ ዓይነት፣ ኪሎ፣ የመኪና ታርጋ፣ የተረካቢ ፊርማና ማህተም። «አካባቢን በማይበክል መንገድ» ለሚለው ቃል አማካሪው የሚቀበለው ማስረጃ ይኸው ነው።

ከግድግዳ የሚነቀለውን ሲሲኤ ግን ከመዳቡ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ አትክተተው። ተረካቢው ናሙና ሲፍቅ አሉሚኒየም ካገኘ ጠቅላላውን በአሉሚኒየም ዋጋ ነው የሚገዛህ።